መብራት ከሙቀት ሲለይ

በከተሞቻችን «መብራት ሄደ» ሲባል የጠፋው አምፖሉ ብቻ አይደለም። ምጣዱም፣ ማቀዝቀዣውም፣ ውሃ የሚስበው ፓምፕም አብሮ ቆሟል። በጠራራ ፀሐይ፣ አንድም አምፖል በማይፈለግበት ቀትር እንኳ «ዛሬ መብራት የለም» እንላለን። ቃሉ ከብርሃን ተነሥቶ በሽቦ የሚመጣውን ነገር ሁሉ ጠቅልሎ ይዟል፤ ሰምተነው ስላደግን ምን ያህል እንደሰፋ ልብ አንለውም።

ሥሩ ግዕዙ «በርሀ» ነው፤ ፈካ፣ ደመቀ፣ ብሩህ ሆነ ማለት ነው። አማርኛ እንደ ልማዱ የጉሮሮውን «ሀ» ዋጠና «በራ» አለ፤ ከዚያም የመሣሪያ ስም የሚያወጣውን «መ» ከፊት ጨምሮ «መብራት»ን አበጀ። «ብርሃን» ግን በቅዳሴና በመጻሕፍት በኩል እንዳለ ስለመጣ «ሃ»ው አልወደቀም። ሁለቱ ወንድማማች ናቸው፤ አንዱ በአፍ፣ ሌላው በብራና ነው የደረሰን። «ብርሃን» ቀይ ባሕርንም ተሻግሯል። ዐረብኛ «ቡርሃን» የሚለው፣ ማለትም የማያወላዳ ማስረጃ፣ ከግዕዝ የተወሰደ መሆኑን ጀርመናዊው የሴማውያን ቋንቋዎች ሊቅ ቴዎዶር ኖልደኬ እ.ኤ.አ. በ1910 ባሳተመው ጥናት አስረድቷል። እኛ ዘንድ ጨለማን የሚገልጠው፣ እዚያ ማዶ ጥርጣሬን የሚገልጥ ሆነ። ከቃላታችን ጉዞዎች ሁሉ ይህን ያህል የሚያስደስተኝ ጥቂት ነው።

ታዲያ «መብራት» ኤሌክትሪክን በሞላ የወረሰው እንዴት ነው? አንዱ ምክንያት ግልጽ ነው፤ ኤሌክትሪክ አብዛኛው ቤት ሲገባ የመጀመሪያ ሥራው ማብራት ነበር። ሌላው የመሥሪያ ቤት ስም ነው። በ1948 ዓ.ም. የተቋቋመው መሥሪያ ቤት «የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ መብራትና ኃይል ባለሥልጣን» ይባል ነበር። በስሙ ውስጥ ሁለት ነገሮች ነበሩ፤ መብራት አንድ፣ ኃይል ሁለት። በመካከላቸው የቆመችው «ና» ለየብቻ መሆናቸውን ትናገር ነበር። ሕዝቡ ግን አሳጥሮ «መብራት ኃይል» አለው። «ና» ወደቀች፣ ሁለቱ ቃላት ተጣበቁ፣ አንዱ ሌላውን ዋጠው። እ.ኤ.አ. በ1997 መሥሪያ ቤቱ ኮርፖሬሽን ሲሆን «መብራት» የሚለው ከስሙ ወጣ፤ ከሰው አፍ ግን እስከ ዛሬ አልወጣም።

ይህን የማነሣው ለቃል ጨዋታ አይደለም። የራሱን ኃይል ከፀሐይ ለማግኘት ያሰበ ሰው፣ በተለይም ከቤቱ ጎን ለአትክልትና ለችግኝ ግሪን ሃውስ መትከል የሚፈልግ፣ ዕቅዱን የሚጀምረው በያዘው ቃል ነው። በ«መብራት» ብቻ የሚያስብ ሰው ለሚያስፈልገው ነገር ሁሉ የሶላር ፓኔልና ባትሪ ይገዛል፤ ሌሊት ቲማቲሙን ከብርድ ለመጠበቅም ጭምር። ሥሮቹን የለየ ሰው ግን ለብርሃን አንድ፣ ለሙቀት ሌላ፣ ለኃይል ሦስተኛ መልስ እንዳለ ያያል። በገንዘብ ደረጃ ልዩነቱ ቀላል አይደለም።

ለምሳሌ የሚሆነን ቦታ ደብረ ብርሃን ነው። ስሙን ያገኘው በ15ኛው መቶ ዓመት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በሰማይ የታየውን ብርሃን እንደ ምልክት ተቀብለው ቤተ ክርስቲያን ባሠሩበት ጊዜ ነው። ከተማው ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሚገኝ ብርሃን አያጥረውም፤ የሚያጥረው የሌሊት ሙቀት ነው። በጥቅምትና በኅዳር ማለዳ ሣሩ በአመዳይ ነጥቶ ይታያል። «አመዳይ» ከ«አመድ» ጋር የሚዛመድ ቃል ነው። ግዕዝ «ሐመድ» አመድ፣ «ሐመዳ» በረዶ ሲል ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጧቸዋል፤ ለምን እንደሆነ በማለዳ ሜዳውን ያየ ሁሉ ያውቃል። ይህ አመዳይ በአንድ ሌሊት ባቄላውንም ድንቹንም ያከስላል። እዚህ ቦታ ግሪን ሃውስ የሚተክል ሰው ዋና ጠላቱ ጨለማ ሳይሆን ብርድ ነው።

ስለዚህ ሁለተኛው ቃል «ሙቀት» ይሆናል። ግዕዙም አማርኛውም «ሞቀ» ይላሉ። ሆኖም «ሙቀት አማቂ ጋዞች» በሚለው የዜና ሐረግ ውስጥ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። «አማቂ» ከ«ሞቀ» የመጣ ይመስላል፤ አይደለም። ከ«አሞቀ» የሚወጣው አድራጊ «አሟቂ» ነው። «አማቂ» የወጣው ከ«አመቀ» ነው፤ ጠቅጥቆ፣ አፍኖ፣ እንዳይወጣ አድርጎ ያዘ ማለት ነው። «የታመቀ አየር»፣ «እምቅ ኃይል» የምንለውም ከዚሁ ሥር ነው። ስለዚህ «ሙቀት አማቂ» ሲባል ሙቀት ፈጣሪ ሳይሆን ሙቀት ያዥ ማለት ነው። ሐረጉን የፈጠረው ሰው ማንም ይሁን ማን፣ ጥሩ አድርጎ አስቦበታል።

«ግሪን ሃውስ ጋዝ» ከሚለው የእንግሊዝኛ ስም ይልቅ ይህ ቃል ለሳይንሱ የቀረበ ነው። አሜሪካዊው የፊዚክስ ሊቅ ሮበርት ዉድ እ.ኤ.አ. በ1909 ሁለት ትንንሽ ሣጥኖች ወስዶ አንዱን በመስታወት፣ ሌላውን የሙቀት ጨረር በሚያሳልፍ የማዕድን ጨው ሰሌዳ ከደነ። ሁለቱም ፀሐይ ላይ ውለው የሙቀታቸው ልዩነት እጅግ ጥቂት ሆኖ አገኘው። የመስታወቱ ቤት በዋነኛነት የሚሞቀው የሞቀው አየር ወጥቶ በቀዝቃዛ አየር እንዳይተካ ስለሚያግድ ነው ማለት ነው። ማመቅ ይሏል ይህ ነው። ላስቲኩ ላይ አንድ ቀዳዳ ካለ፣ ወይም በሩ ከመቃኑ ጋር ካልገጠመ፣ የፈለገውን ያህል ፀሐይ ቢገባ ምሽቱን አይሻገርም። አናጢው ከኤሌክትሪክ ሠራተኛው በፊት መጠራት ያለበት ለዚህ ነው።

«ላስቲክ» ራሱ የሚያስገርም መንገድ ሄዷል። መነሻው «መንዳት፣ መግፋት» ከሚል የግሪክ ሥር ነው፤ አውሮፓውያን ተለጥጦ ወደ ቦታው የሚመለስን ነገር «ኤላስቲክ» አሉት። እኛ ዘንድ ፊተኛው «ኤ» ቀረ፣ መለጠጡም ተረሳ፤ ቃሉ የገበያ ከረጢትና የግሪን ሃውስ ልባስ የሆነው ስስ ፕላስቲክ ስም ሆኖ ቀረ። በዝዋይም በሆለታም የአበባ እርሻዎቹ የሚለብሱት ይህንኑ ነው።

የቀኑን ሙቀት ለሌሊት ማስተላለፍ ደግሞ ሌላ ጥንድ ቃል ያመጣል፤ በርሜልና ባትሪ። «በርሜል» በዐረብኛው «በርሚል» መልክ የያዝነው ነው፤ ዐረቦቹም ከስፓኝ ሰዎች ወስደውታል። «ባትሪ» የፈረንሳይኛ «መምታት» ከሚለው ግሥ ይወጣል። መጀመሪያ የድብደባ ስም ነበር፤ ቀጥሎ ለድብደባ ጎን ለጎን የተደረደሩ መድፎች ስም ሆነ። ቤንጃሚን ፍራንክሊን እ.ኤ.አ. በ1740ዎቹ መጨረሻ ኤሌክትሪክ የሚይዙ የመስታወት ዕቃዎችን በአንድ ረድፍ አያይዞ ይህን የመድፎች ስም አዋሳቸው። አገራችን ሲደርስ ቃሉ እንደገና ሰፋ፤ በእጅ የሚያዘው መብራት «ባትሪ» ሲባል፣ በውስጡ የሚገባው ደግሞ «የባትሪ ድንጋይ» ተባለ።

አሁን ቁጥር እናስገባበት። 200 ሊትር የሚይዝ በርሜል ውሃ ቀን በፀሐይ 10 ዲግሪ ቢሞቅ ያመቀው ሙቀት 2.3 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው። ባለ 12 ቮልት፣ 200 አምፔር ሰዓት የሆነ ትልቅ ባትሪ ሙሉ በሙሉ ቢሞላ 2.4 ኪሎ ዋት ሰዓት ይይዛል። እኩል ናቸው ማለት ይቻላል። የእርሳስ ባትሪ ዕድሜው እንዳያጥር ከግማሹ በላይ ባይወሰድበት ይመረጣልና፣ በተግባር በርሜሉ ሁለት እጥፍ ይበልጣል። ባትሪው በጥቂት ዓመታት ይዳከማል፤ ውሃው አያረጅም። በርሜሉን ጥቁር ቀብቶ በሰሜኑ ግድግዳ ሥር፣ የታኅሣሥ ፀሐይ ከደቡብ በምትመታው በኩል መደርደር ነው። ይህን ሳያውቅ የቆጠበውን ሁሉ አውጥቶ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ በባትሪ ለማስኬድ የሚያቅድ ሰው ስሰማ ከልቤ አዝናለሁ፤ ያሳሳተው «መብራት» የሚለው ቃል ስፋት ነውና።

በርሜሉ ሬዲዮ አያስከፍትም፤ ስልክ አይሞላም። ለዚያ ፓኔሉ ያስፈልጋል። «ፓኔል» ከላቲን «ጨርቅ» ይመጣል፤ የተቆረጠ ቁራጭ ጨርቅ ነበር። በጽሑፍ አንዳንድ ጊዜ የሚተካው «ሰሌዳ» ደግሞ በግዕዝ በኩል ከግሪኩ «ሴሊዳ» የመጣ ሲሆን ግሪኮች እስከ ዛሬ የመጽሐፍን ገጽ በዚሁ ቃል ይጠሩታል። በሰሌዳው ላይ ያለው ሲሊከን ከላቲኑ «ሲሌክስ» ነው፤ በእኛው ባልጩት። ከባልጩት ተፋጭቶ እሳት ሲወጣ ሰው ብዙ ሺህ ዓመት ኖሯል፤ በአሜሪካው የቤል ቤተ ሙከራ ሦስት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1954 ከሲሊከን ለሥራ የሚበቃ የፀሐይ ሴል ሠርተው ሲያሳዩ ከፀሐይ ብርሃን ወደ ኤሌክትሪክ የለወጠው 6 በመቶ ገደማ ነበር። ዛሬ በገበያ ያለው 20 በመቶና ከዚያ በላይ ይለውጣል።

«ሶላር» ከላቲኑ «ሶል» ነው፤ ፀሐይ ማለት ነው። የእኛዋ «ፀሐይ» ግን በዘመዶቿ መካከል ለየት ትላለች። ዐረቡ «ሸምስ»፣ ዕብራይስጡ «ሼሜሽ» ሲል ግዕዝ በዚህ ቃል አልሄደም። የ«ፀሐይ» ዘመድ ዐረብኛ «ዱሓ» የሚለው ነው፤ ፀሐይ ወጥታ ከፍ ያለችበት፣ በእኛ ሰዓት ከሁለት እስከ አምስት ያለው ረፋድ። ፊደሉም በ«ፀ» እንጂ በ«ጸ» ባይጻፍ የምወደው ለዚህ ነው፤ «ፀ» የዐረብኛዋ «ዷድ» አቻ ናትና ዝምድናው የሚታየው በእሷ ነው። ለሚያቅድ ሰውም ረፋዱ ዋጋ አለው። በደጋው ክረምት ደመናው አብዛኛውን ጊዜ ከቀትር በኋላ ይከብዳልና፣ ከምሥራቅ በኩል በዛፍ ወይም በጎረቤት ግንብ የተጋረደ ጣሪያ ከቀኑ የተሻለውን ድርሻ ያጣል።

ክረምትን ካነሣን ቆም ብለን እናስብበት፤ ከዚህ ጽሑፍ ቃላት ሁሉ ለዕቅድ የሚከብደው እሱ ነውና። በግዕዝ «ክረምት» የዝናብ ወራት ብቻ ሳይሆን ዓመትም ማለት ነበር፤ ዕድሜ በክረምት ይቈጠር ነበር። አማርኛም ይህን አልጣለውም። «ከርሞ» የሚመጣው ዓመት ነው፤ «ከረመ» ጊዜ አሳለፈ፣ ሰነበተ ነው፤ «የከረመ ጉዳይ» ሲባል ብዙ የቆየ ነው። በእኛ አእምሮ ክረምት የሚለካው በዝናብ ነው። የውጭ ቋንቋ ተርጓሚ ግን የአውሮፓን ቀዝቃዛ ወራት የሚተረጉመው «ክረምት» ብሎ ነው፤ ሌላ ቃል የለውምና። በዚህም ምክንያት «በክረምት ግሪን ሃውስዎን ያሙቁ» የሚል መመሪያ ደብረ ብርሃን ሲደርስ ሐምሌን ያመለክታል። ሐምሌ ላይ ግን ደመናው ራሱ እንደ ብርድ ልብስ የሌሊቱን ሙቀት ስለሚይዝ አመዳይ አይወርድም። ብርዱ የሚበረታው በበጋ ነው፤ ግዕዝና ትግርኛ «ሐጋይ» በሚሉት፣ ሰማዩ ጠርቶ ምድር ሙቀቷን ወደ ሕዋ በምትለቅበት ወቅት።

ይህ የቃል ልዩነት ብቻ አይደለም፤ ዕቅዱን ከሥሩ ይለውጠዋል። በለንደን በታኅሣሥ ቀትር ፀሐይ ከአድማስ 15 ዲግሪ ያህል ብቻ ትነሣለች፤ ቀኑም ስምንት ሰዓት አይሞላም። ብርዱና የፀሐይ እጥረቱ በአንድ ወር ይገናኛሉ፤ ስለዚህ እዚያ የግሪን ሃውስ ባለቤት ሙቀት ከሌላ ቦታ ማምጣት አለበት። በደብረ ብርሃን ግን በዚያው ወር የቀትር ፀሐይ 57 ዲግሪ ከፍ ብላ በጠራ ሰማይ ትወጣለች። ሌሊቱ የሚያስፈልገውን ሙቀት ቀኑ ከበቂ በላይ ይዞታል፤ ማመቅ ብቻ ነው የሚቀረው። የፓኔሉ ችግር ደግሞ ተቃራኒ ነው፤ እሱን የሚያስርበው የሐምሌና የነሐሴ ደመና ነው። እንግዲህ ለሙቀት ስናቅድ ክፉው ወር ኅዳርና ታኅሣሥ፣ ለኤሌክትሪክ ስናቅድ ክፉው ወር ሐምሌ ይሆናል። የፓኔል ቍጥርና የባትሪ መጠን በሐምሌ ይለካል፤ የበርሜል ቍጥር በኅዳር። ለሁለቱም አንድ «የክረምት ስሌት» የሚሠራ ሰው አንዱን ያበዛል፣ ሌላውን ያሳንሳል።

ክረምትን በተመለከተ አንድ ሌላ ነገር አለ። በደብረ ብርሃን ኬክሮስ በሰኔ ቀትር ፀሐይ ከራስ በላይ አልፋ ወደ ሰሜን 14 ዲግሪ ያህል ታዘነብላለች። ስለዚህ ከአውሮፓ መጻሕፍት የተቀዳው «ፓኔልን ወደ ደቡብ በደንብ አዘንብል» የሚለው ምክር በክረምት ይጎዳል። ዝናብ አቧራውን እንዲያጥበው 10 ወይም 15 ዲግሪ ዘንበል ማለቱ ይበቃል።

ቀን ላይ ደግሞ የታመቀው ሙቀት ሊበዛ ይችላል፤ የጠራ የበጋ ቀትር የተዘጋ ላስቲክ ውስጥ ያለን ችግኝ ያጠወልጋል። መድኃኒቱ ማናፈሻ ነው። «ማናፈሻ»፣ «ነፋስ»፣ «ተነፈሰ»፣ «ነፍስ»፣ «መንፈስ» ሁሉም ከአንድ «ነ-ፈ-ሰ» የወጡ ናቸው፤ ዕብራይስጡ «ኔፌሽ»፣ ዐረቡ «ነፍስ» ይላሉ። በጣሪያው ጫፍና ከታች በጎን የሚከፈት መስኮት ካለ የሞቀው አየር በራሱ ወጥቶ ቀዝቃዛው ይገባል፤ ሞተር አያስፈልገውም።

ሦስተኛው ቃል «ኃይል» ነው። ሌሎች ሴማዊ ቋንቋዎችም ያውቁታል፤ ዕብራይስጥ «ሐይል» ሲል ጉልበትም ሠራዊትም ማለቱ ነው።

በቤት ዕቅድ ላይ ግን «ኃይል» ሁለት ነገር ይደባልቃል፤ በአንድ ጊዜ ምን ያህል እንደሚሳብና በቀን ምን ያህል እንደሚያልቅ። የመጀመሪያው በኪሎ ዋት፣ ሁለተኛው በኪሎ ዋት ሰዓት ይለካል። «ዋት» የእንፋሎት ሞተርን ያሻሻለው የስኮትላንዳዊው ጄምስ ዋት ስም ነው፤ መለኪያ እንዲሆን ሐሳቡ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1882 ነው። ባለ 9 ዋት አምስት አምፖሎች አምስት ሰዓት ቢበሩ ከሩብ ኪሎ ዋት ሰዓት ያነሰ ነው የሚፈጁት። 3 ተኩል ኪሎ ዋት የሚስብ የእንጀራ ምጣድ በአንድ ሰዓት 3 ተኩል ኪሎ ዋት ሰዓት ይጨርሳል፤ ከዚያም በላይ የባትሪውን ኤሌክትሪክ ለቤት ዕቃ እንዲስማማ የሚለውጠው ኢንቨርተር ያን ሁሉ በአንድ ጊዜ የሚሸከም መሆን አለበት። «ለመብራት የሚሆን ሶላር» ገዝቶ ምጣድ የሰካ ቤተሰብ ስሕተቱ ሁለቱን ኃይሎች ሳይለይ መግዛቱ ላይ ነው። ምጣዱ በማገዶ ቆጣቢ ምድጃ ወይም በመሥመር ኤሌክትሪክ ቢቀጥል፣ ፓኔሉ አምፖሉን፣ ስልኩን፣ የጠብታ መስኖውን ትንሽ ፓምፕ ቢይዝ፣ ወጪው በብዙ ይቀንሳል።

«ታዳሽ» የሚለውን ቃል በአጭሩ ላንሣ። ግዕዙ «ሐደሰ» ነው፤ እንደ «በርሀ» ሁሉ የጉሮሮ ድምፁን አማርኛ ጣለውና «አደሰ»፣ «አዲስ» ሆነ። የሚያስደስተው ከ«ነዳጅ» ጋር ያለው የቅርጽ አንድነት ነው። ነደደ ነዳጅ፣ ታደሰ ታዳሽ፤ በሁለቱም የመጨረሻው ፊደል በአንድ ሕግ ለስልሷል፣ «ደ» «ጅ»፣ «ሰ» «ሽ» ሆኗል። አንዱ የሚነድ፣ ሌላው የሚታደስ፤ ቋንቋው ሁለቱን የኃይል ምንጮች በአንድ መዋቅር አቁሟቸዋል።

የቀረው ቤቱ ራሱ ነው፤ እስከ አሁን «ግሪን ሃውስ» ነው ያልኩት፣ በእርሻዎቹ የሚባለውም እንዲሁ ነውና። በእንግሊዝ አገር ስሙ የወጣው በ17ኛው መቶ ዓመት ሲሆን «አረንጓዴዎች» የሚሏቸውን፣ ቅጠላቸው የማይረግፍ የብርቱካንና የሎሚ ዛፎች ከበረዶ ለማዳን የሚያስገቡበት ቤት ነበር። ፈረንሳዮች «ኦራንዠሪ» አሉት፤ የብርቱካን ቤት። ብርቱካንም በበኩሉ በዐረብኛ በኩል ከፖርቱጋል አገር ስም የመጣልን ነው። ቃል በቃል «አረንጓዴ ቤት» ብንለው ቀለሙን ብቻ ይነግረናል። «ማሞቂያ ቤት» ብንለው ምድጃ ይፈለጋል። እኔ «አማቂ ቤት» እንድንለው ሐሳብ አቀርባለሁ። እንደ ወጥ ቤት፣ ምግብ ቤት፣ ቡና ቤት በቀላሉ ይነገራል፤ «ሙቀት አማቂ»ን ከዜና የሰማ ሁሉ ይረዳዋል፤ አዲስ ገበሬም ስሙን ሲሰማ መጀመሪያ የሚያየው ላስቲኩ የት እንደቀደደና በሩ መግጠም አለመግጠሙን ይሆናል።